ፎቶው ሲለቀቅ ቦታውም አብሮ ይለቀቃል

«ጋሼ ሰላም ነው? የምሰራው ባሌ ሮቤ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ ሳነቴ አምባ ላይ እንወጣለን። ህዳር ላይ ከመንገዱ ገባ ብለን ቀይ ቀበሮ ከነግልገሎቿ ጉድጓድ አፍ ላይ አገኘንና ብዙ ፎቶ አነሳሁ። ማታ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብዬ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ በፋይል ለቀኩት፣ ሰው ሁሉ ወደደው። በማግስቱ የማላውቀው ሰው በውስጥ መስመር ‹ትክክለኛውን ቦታ ላኪልኝ፣ እሁድ እንሄዳለን› አለኝ፣ ሌላ ልጅ ደግሞ ፎቶውን አጥፊው ብሎ ተቆጣኝ። ፓርክ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ? ደግሞ ፎቶዬ ሁሉ ላይ ቀበሮዋ ቀና ብላ እኔን ነው የምታየው፣ ስራዋን እየሰራች ማንሳት እንዴት ነው የሚቻለው?» (ከሮቤ)

እህቴ፣ ፋይሉን ዛሬውኑ አጥፊው፣ ለሰውየውም ቦታውን እንዳትልኪለት። ይሄን የምልሽ ተቆጥቼሽ አይደለም፣ ብዙዎቻችን ሳናውቅ ያደረግነው ነገር ነው።

ስልክሽ ላይ የካሜራው ሎኬሽን ከተከፈተ እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ የቆምሽበት ነጥብ በቁጥር ይፃፋል። ቴሌግራም ላይ በፎቶ ስትልኪ ያ መረጃ ይወጣል፣ በፋይል ስትልኪ ግን እንዳለ ነው የሚሄደው፣ ዋትስአፕ ላይ በዶክመንት ሲላክም እንደዛው ነው። ማለትም ያ ሰው መጠየቅም አያስፈልገውም ነበር፣ ፋይሉን አውርዶ ዝርዝሩን ቢከፍት ጉድጓዱ ድረስ በማፕ ይሄዳል። ስለዚህ ከካሜራው ሴቲንግ ገብተሽ ሎኬሽኑን ዝጊው፣ ድሮ ያነሳሽውን ደግሞ ሳትልኪ በፊት ቦታውን አጥፊለት። እሱ ብቻ አይበቃም፣ ከኋላ የሚታየው አለት፣ የመንገዱ ጥምዝ፣ ብቻዋን የቆመች ጅብራ (ያቺ ረጅሟ የደጋ ተክል)፣ እነዚህን አይቶ ቦታውን የሚለይ ሰው አለ። እኔ የጉድጓድ ፎቶ ጭራሽ አልለጥፍም፣ ሌላውን ደግሞ «ባሌ ተራሮች» ብዬ አቆማለሁ። ፓርኩን ሰው ሁሉ ያውቀዋል ያልሽው እውነት ነው፣ ጉድጓዱን ግን ከእናንተ በቀር ማን ያውቀዋል?

ይሄን ያህል የምጨነቀው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም ስለሌለ ነው፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ እዛው ባሌ ነው ያለው። ግልገሎቹ የሚወለዱት በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ነው፣ አንቺ የደረስሽው በዋናው ሰአት ነው ማለት ነው። በአንድ መንጋ ውስጥ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንዷ ናት፣ ሌሎቹ ይጠብቃሉ፣ አድነው በልተው መጥተው ለግልገሎቹ ያስመልሱላቸዋል (ያየሻት ቀበሮ እናትየዋ ላትሆን ሁሉ ትችላለች፣ አክስት ትሆናለች)። ሰው ሲበዛባቸው ግልገሎቹን በአፋቸው አንጠልጥለው ሌላ ጉድጓድ ይፈልጋሉ፣ ያውም ከ4000 ሜትር በላይ፣ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት ቦታ። እና እሁድ አንድ መኪና ከሄደ በሚቀጥለው እሁድ ሶስት ይሆናል፣ ሰው የሚበላ ነገር ይጥላል፣ ፍርፋሪ ሲኖር ውሻ ይመጣል። የውሻ ነገር ቀልድ አይደለም፣ የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008ና በ2014 ባሌ ውስጥ ቀበሮዎቹን ፈጅቷቸዋል፣ በ2003ቱ ጊዜ በሽታው የገባበት ወይብ ሸለቆ ላይ ከአራት ሶስት እጅ ያህሉ ነው ያለቀው።

ፋይሉን ያወረደ ሰው ሊኖር ስለሚችል ዲንሾ የፓርኩ ቢሮ ደውለሽ ወይ ሄደሽ ንገሪያቸው። ጉድጓዱ የት እንደሆነ እነሱ ቢያውቁት ነው የሚሻለው፣ ስካውቶቹ (የፓርኩ ጠባቂዎች) እሁድ እዛ አካባቢ ዞር ዞር ይላሉ።

ወደ ፎቶሽ ስመጣ፣ ቀበሮዋ ቀና ብላ ማየቷ ራሱ መልስ ነው፣ ስራዋን ትታ አንቺን እየጠበቀች ነው ማለት ነው። ጆሮዋን አቁማ ካየችሽ ቁሚ፣ ማየቷን ካልተወች ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ተመለሺ። ከመኪና አለመውረድ ከሁሉም ይሻላል፣ ሞተር አጥፍተሽ መስኮት ዝቅ አድርገሽ ቁጭ በይ፣ እግረኛን የሚሸሹትን ያህል የቆመ መኪና አይሸሹም። አንድ ጠዋት እንደዛ ቁጭ ብዬ ሁለት ሰአት ሙሉ ምንም ሳላነሳ ቆየሁ፣ ከዛ ሰላሳ ሜትር ገደማ ላይ ትልቁ ፍልፈል (እሱም ከባሌ ውጪ የለም) ጭንቅላቱን ከጉድጓዱ ብቅ አድርጎ ሳር መንጨት ጀመረ፣ አጠገቡ አንዲት ቡናማ ወፍ ቆማ ነበር። ቀበሮዋ ከየት እንደመጣች አላየሁም፣ ሆዷን መሬት አስነክታ አንድ እግሯን አንስታ እንደዛው ደርቃ ቀረች፣ ወፏ ስትነሳ ፍልፈሉ ገባ፣ ቀበሮዋም ተነስታ ሰውነቷን አራግፋ ሄደች። ያቺ እግሯን ያነሳችበት ፎቶ ከሁሉም የምወደው ነው። ስልክ ከሆነ ደግሞ ዙሙን እስከ መጨረሻው አትሳቢው፣ ይበላሻል፣ ቀበሮዋ ትንሽ ሆና ሜዳውና ሰማዩ ቢገባ በጣም ያምራል።

«ሰላም ጋሼ፣ ዱባይ ሹፌር ነኝ። የአሰሪዬ ዘመድ ቤት የአቦሸማኔ ግልገል አለች፣ በጡጦ ወተት ሳጠጣት ቲክቶክ ላይ ለቅቄ ብዙ ሰው አየው። አንዳንዱ ግን ሰደበኝ። እኔ እንስሳ እወዳለሁ፣ ምን በደልኳት?» (ከዱባይ)

ወንድሜ፣ እንደምትወዳት አምናለሁ፣ አንተም አልገዛሃትም። ግን እንደዚህ አይነት ግልገሎች ከየት እንደሚመጡ ልንገርህ፣ አብዛኞቹ ከእኛው ከሶማሌ ክልልና ከሶማሌላንድ አካባቢ ነው እናታቸው አደን ስትሄድ የሚለቀሙት፣ በጀልባ ወደ የመን ተሻግረው ወደ ባህረ ሰላጤው ይሄዳሉ፣ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። የደረሱትም በወተትና ባልተስተካከለ ምግብ አጥንታቸው ይጣመማል። በአለም ላይ የቀረው አቦሸማኔ 7 ሺህ ገደማ ነው። ቪዲዮህን ያየ ሁሉ «ስታምር፣ ስንት ነው?» ብሎ ሲፅፍ አስተውለህ ይሆናል፣ ንግዱን የሚያቆየው ይሄ ጥያቄ ነው፣ ሻጮቹም ራሳቸው የሚለጥፉት ልክ እንዳንተ ያለ ቪዲዮ ነው። ሌላው፣ ኤምሬትስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ህግ አውሬ ቤት ማኖር የተከለከለ ነው፣ ቪዲዮው ላይ ፊቱ የሚታየው ደግሞ ያንተ ነው። ከሰዎቹ ጋር አትጣላ፣ ስራህን ጠብቅ፣ ቪዲዮውን ግን አውርደው። ለእረፍት ስትመጣ ሆለታ አጠገብ እንሰሳ ኮቴ የሚባል ማእከል አለ፣ ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶችና አቦሸማኔዎች የሚኖሩበት፣ ጠይቀህ ሂድና እያቸው።

«ጥምቀትን ጎንደር አክብረን ሰሜን ተራሮች ወጣን፣ ጭላዳው ሲስቅልኝ ያነሳሁትን ‹ወዶኛል› ብዬ ለጠፍኩት። አንዱ እየሳቀ አይደለም አለኝ፣ እውነት ነው?» (ከጎንደር)

እውነቱን ነው የነገረህ። የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ ጭንቀት ወይ ቁጣ ነው፣ በተለይ ቅንድቡን ወደ ኋላ ስቦ ነጣ ያለው የአይን ቆቡ ከታየ ራቅ በልልኝ እያለህ ነው። ምናልባት በጣም ቀርበኸው ነበር፣ ወይ ግልገል ያዘለች እናት መሀል ገብተህ። ሳር ላይ ቁጭ ብለው ሲነጩ ከሩቅ ዝም ብለህ ብትቀመጥ ራሳቸው እየጋጡ ወዳንተ ይመጣሉ፣ ያኔ ፊታቸው ሌላ ነው። ብስኩት ምናምን ግን እንዳትሰጥ፣ የሚበሉት ሳር ነው፣ ብስኩት የለመደ ጭላዳ ነገ የሌላውን ሰው ቦርሳ ይነጥቃል። ፎቶውን ማጥፋት አያስፈልግህም፣ ፅሁፉን ብቻ ቀይረው፣ «በጣም ቀርቤው ስለነበር ተቆጣኝ» በልና ተወው።