ፕሮኒ ሲሪስህን አትንካው፣ መጀመሪያ ሞጁለስህን እይ

ሰላም ወንድሜ። «የኤችዲፒኢ (የፕላስቲክ ዓይነት) ናሙናዬ ሪላክሴሽን ከርቭ (ተወጥሮ ሲቆይ ስትረሱ በጊዜ የሚረግብበት ግራፍ) ላይ የፕሮኒ ሲሪሱ (መርገቡን የሚገልጸው ቀመር) ፊቲንግ ልክ ነው፣ አባከስ (የማስመሰያ ሶፍትዌሩ) ላይ ግን ስትረሱ ከቴስቱ ከእጥፍ በላይ ይወጣል» ያልከውን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። የእኔው ጉድ ነው፤ ሦስት ወር በልቶብኛል።

1. አባከስ ላይ ኢላስቲክ የሚለው ውስጥ የሞላኸው ሞጁለስ (የቁሱ ግትርነት) የመነሻው ነው ወይስ ሁሉም ከረገበ በኋላ የሚቀረው? ካልነገርከው አባከስ የሚቀረው፣ ማለትም ሎንግ ተርም፣ ነው ብሎ ይወስደዋል። የእኔ መነሻ 900 ሜጋፓስካል፣ የጂዎቹ (በፕሮኒ ሲሪሱ ውስጥ የሚረግቡት ድርሻዎች) ድምር 0.6 ነበር፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ መቅረት ያለበት 360 ገደማ ነው። እኔ 900ን ዝም ብዬ ሞላሁ። እሱ ደግሞ 900ን ለ0.4 አካፍሎ ከ2250 ገደማ ጀመረልኝ! ኤረር የለ፣ ዋርኒንግ የለ። አማካሪዬ «ሜሹ (ሞዴሉ የተከፋፈለበት ፍርግርግ) ነው» ሲለኝ ሜሽ አደቀቅኩ፣ ኤሌመንት ቀየርኩ፣ የፕሮኒ ተርም ጨመርኩ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። መፍትሔው ሞጁላይ ታይም ስኬል የምትለዋን ኢንስታንቴኒየስ፣ ማለትም የመነሻው፣ ማድረግ ብቻ ነበር።

2. አባከስ ላይ የስሌቱ ስቴፕ ቪስኮ (መርገብን በጊዜ የሚያሰላው) ይሁን። ተራ ስታቲክ ላይ ቀኑን ሙሉ ብትጠብቅ አይረግብልህም።

3. የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች አትመናቸው። ማሽኑ ጎትቶ እስኪቆም 2 ሰከንድ ከፈጀ፣ እስከ 20 ሰከንድ ያለውን ዳታ ከፊቲንጉ አውጣው። እኔ ይህን እንኳ ማየት አልቻልኩም፤ ምክንያቱ ደግሞ ቴስቱ የተሠራበት ላብራቶሪ ነው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ሳመጣ «ለዲኑ ነው የተጻፈው፣ ለእኛ አይደለም» ብለው መለሱኝ። በሁለተኛው ደብዳቤ ተሠራልኝ፣ ከፍዬም ወጣሁ፤ የሰጡኝ ግን ወረቀት ላይ የታተመ ከርቭ ነው። ዳታውን ብጠይቅ «ለተማሪ አይሰጥም» አለኝ ሠራተኛው፣ ፊቱን እንኳ ቀና ሳያደርግ። ከርቩን በማስመሪያ ነጥብ በነጥብ ለክቼ ነው የሠራሁት፣ አዎ በማስመሪያ! የመጀመሪያው 20 ሰከንድ በእስክሪብቶ መስመር ውፍረት ውስጥ ገብቶ ነበር። አንተ ሳትከፍል በፊት የጊዜ አምድ ያለው ፋይል እንደሚሰጡህ አረጋግጥ።

ስትሬይንህ (ናሙናው የተለጠጠበት መጠን) ከ1 በመቶ ካለፈ ግን ኤችዲፒኢ ሊኒየር (ስትረሱ ከስትሬይኑ ጋር ተመጣጣኝ) መሆኑን ይተዋል፣ ያኔ ይሄ ሁሉ አይሠራልህም።

አሁን የሞዴልህን ስትረስ በእያንዳንዱ የጊዜ ነጥብ ለቴስቱ ስትረስ አካፍለው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ሬሾ ከሰጠህ በሽታህ የእኔው ነው። ሬሾውንና የጂ ድምርህን እዚሁ ጻፍልኝ።