የአጎቴ ኮሞዶር 64 እና የ«ኮማንዶ» ጨዋታ

ጥያቄ፦ አጎቴ ከብዙ ዓመታት በፊት ከጀርመን ሲመለስ ይዞት የመጣው ኮሞዶር 64 ኮምፒውተር፣ ከነቴፑና ከነካሴቶቹ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ካለው ቤታችን ዕቃ ቤት ውስጥ ተገኘ። ከካሴቶቹ አንዱ «ኮማንዶ» የተባለው የጦርነት ጨዋታ ነው። አራት ጊዜ ሞክረን አንዴ ብቻ ተጫነልን፤ ያን ጊዜም ወታደሮቹ ሲበዙ አንዳንዶቹ ብልጭ ድርግም ይሉ ነበር። ትራንስፎርመሩም እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። ብልሽቱ የቱ ጋ ነው? እናቴም የተኩሱን ድምፅ መስማት አትወድምና በዚህስ ላይ ምን ትመክሩኛላችሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የጥያቄዎን ቅደም ተከተል ትተን ከትራንስፎርመሩ እንጀምራለን፤ እስኪመረመር ድረስም ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለው እንዲያቆዩት አጥብቀን እንለምንዎታለን። ይህ ትራንስፎርመር ለኮምፒውተሩ 5 ቮልት ዲሲ እና 9 ቮልት ኤሲ ይሰጣል። አደጋው ያለው 5 ቮልቱ ላይ ነው፤ ይህን የሚቆጣጠረው ክፍል በእርጅና ሲበላሽ፣ ብዙ ጊዜ ኃይሉን በማቋረጥ ፈንታ ከልኩ በላይ ይለቅቃል፣ ይህም የሜሞሪ ቺፖቹን ሊያቃጥል ይችላል። ብዙ ሰው ቤቱ ስታብላይዘር ስላለው ብቻ ይተማመናል፤ ነገር ግን ስታብላይዘሩ የሚጠብቀው ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ስለሆነ፣ ከእርሱ በኋላ በትራንስፎርመሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ብልሽት ሊከላከል አይችልም። የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ በመልቲሜትር ይለካልዎት፤ 5 ቮልቱ ከ5.25 ካለፈ ዳግመኛ አይጠቀሙበት። የብዙዎቹ ውስጥ በደረቀ ሙጫ መሰል ነገር የተደፈነ ስለሆነ ከፍቶ መጠገንም አያዋጣም። ዛሬ ልክ ሆኖ የተገኘው ነገ ሊከዳ ስለሚችል፣ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ለዚሁ ኮምፒውተር አዲስ የተሠራ ትራንስፎርመር ማስመጣት ነው።

ካሴቱ አልጫን ማለቱ ግን ብዙም አያሳስብም። የደሴ ጉምና እርጥበት ለቆየ ካሴት አይስማማውምና፣ መጀመሪያ ካሴቱን እስከ መጨረሻው አጠንጥነው ይመልሱት፤ የቴፑን ሄድ፣ ማለትም ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጥረጉ፤ ቴፑንም ከቴሌቪዥኑ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ፣ ሄዱ ካሴቱ ከተቀዳበት ማሽን ሄድ ጋር ማዕዘኑ አልገጠመም ማለት ነውና፣ ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ በጥቂት በጥቂቱ ያዙሯት። ከመንካትዎ በፊት የነበረችበትን ቦታ ምልክት ያድርጉበት።

ወታደሮቹ ብልጭ ድርግም ማለታቸው ብልሽት አይደለም። ጃፓናዊው ኩባንያ ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1985 «ኮማንዶ»ን ሲያወጣ፣ ጨዋታው የተሠራው ሳንቲም እየተከተተበት ለሚሠራ ትልቅ የመጫወቻ ማሽን ነበር። ኤሊት የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በዚያው ዓመት ወደ ኮሞዶር 64 ሲያመጣው፣ ያ ሁሉ ሠራዊት 64 ኪሎባይት ሜሞሪና አንድ ሜጋኸርዝ ገደማ የሚሮጥ ፕሮሰሰር ካለው የቤት ኮምፒውተር ውስጥ መግባት ነበረበት። የኮምፒውተሩ የሥዕል ቺፕ በራሱ ማንቀሳቀስ የሚችለው ስምንት ምስሎችን ብቻ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ስፋት 24፣ ቁመቱ ደግሞ 21 ነጥብ ነው። ከስምንቱ አንዱን የእርስዎ ተዋጊ ይወስደዋል፤ ጠላቱ፣ ጥይቱና ቦምቡ የቀሩትን ይሻማል። ስምንት ትሪ ብቻ ያላት ባለ ድግስ የመጀመሪያው ማዕድ ሲነሳ ትሪዎቹን አጥባ ለሚቀጥሉት እንግዶች እንደምታቀርብ ሁሉ፣ በዚህ ኮምፒውተር የሚሠሩ ፕሮግራመሮችም የቴሌቪዥኑ ጨረር ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች በሰከንድ 50 ጊዜ ሲስል፣ ላይ ያለው ወታደር ተስሎ እንዳበቃ ያንኑ ቦታ ታች ላለው ወታደር ይሰጡታል። በአንድ መስመር ላይ ከስምንት በላይ ሲሰለፉ ግን ትሪ ሳይደርሰው የሚቀር ይኖራል፤ እርስዎ ያዩት ድርግምታም ይኸው ነው። ለማረጋገጥ ከፈለጉ «ቫይስ» የተባለውን፣ በዛሬ ኮምፒውተር ላይ ኮሞዶርን አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ጭነው ያንኑ ጨዋታ ይክፈቱ፤ እዚያም ወታደሮቹ በዚያው ሁኔታ ድርግም ካሉ የአጎትዎ ማሽን ጤነኛ ነው። ትራንስፎርመሩ እስኪመጣ ድረስም በዚሁ መለማመድ ይችላሉ። ሲለማመዱ አንድ ነገር ያስተውሉ፦ ጥይቱ ፊትዎን ባዞሩበት አቅጣጫ ሲሄድ፣ የእጅ ቦምቡ ግን ወዴትም ቢዞሩ የሚወረወረው ወደ ስክሪኑ ላይኛው ጫፍ ነው። ስለዚህ ምሽግ ሲያገኙ ከሥሩ መቆም ይኖርብዎታል።

የእናትዎን ነገር በቀላሉ አናየውም። ደሴ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱን በደጃፏ ያየች ከተማ ናትና፣ የተኩስ ድምፅ ለአንዱ ጨዋታ ቢሆን ለሌላው ሌላ ነገር ያስታውሰዋል። የዚህን ጨዋታ ሙዚቃ ግን እርስዎ ሳይሰሙት እንዲቀሩ አንፈልግም፤ እንግሊዛዊው የጨዋታ ሙዚቃ አቀናባሪ ሮብ ኸባርድ በአንድ ሌሊት እንደሠራው የሚነገርለት፣ ሦስት ድምፅ ብቻ ባለው ቺፕ የተቀናበረ ድንቅ ሥራ ነውና። ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር በአንቴና ገመድ ሳይሆን ምስልና ድምፅን ለየብቻ በሚያወጣው ገመድ ያገናኙት። ከዚያም የምስሉን ጫፍ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተው፣ የድምፁን ጫፍ የጆሮ ማዳመጫ ባለው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ላይ ቢሰኩት፣ ሙዚቃውም ተኩሱም ለእርስዎ ጆሮ ብቻ ይሰማል፤ እናትዎም ሳሎናቸው ውስጥ ሳይረበሹ ይቀመጣሉ።