ሞተሩ ሐይቁ መሐል ሲደክም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው የማመላልስበት ባለ 40 ፈረስ ጉልበት፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት የጀልባ ሞተር አለኝ። ጠዋት ሲነሣ ምንም አይለው። ሙሉ ጋዝ ሰጥቼው አሥር ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ ግን ይደክማል። ቀነስ አድርጌለት ትንሽ ሲቆይ ይመለሳል፤ ጋዝ ስጨምር መልሶ ያው ነው። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ አሳጠብኩ፤ ለውጥ የለም። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ካርቡሬተሩን ለሦስተኛ ጊዜ አያስነኩት። ደህና ሄዶ የሚደክም፣ ሲያርፍ ደግሞ የሚያገግም ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ወይ ቤንዚን አይደርሰውም፣ ወይ ይግላል። ሁለቱን ለመለየት መፍቻ እንኳ አያስፈልግም። መድከም ሲጀምር ጋዙን ሳይቀንሱ፣ ረዳትዎ በቤንዚኑ ቱቦ ላይ ያለውን እንቁላል የሚመስል የጎማ መጭመቂያ ደጋግሞ ይጭመቅ። ጉልበቱ ወዲያው ከተመለሰ ችግሩ የቤንዚን ነው። ካልተመለሰ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ ይመልከቱ።

መጭመቂያው በዚያ ሰዓት በእጅ ሲዳሰስ ብዙ ይናገራል። ጠፍጣፋ ሆኖ ከተጣበቀ ሞተሩ እየሳበ ነው፣ ታንኩ ግን አይለቅም። ቀድሞ የሚጠረጠረው የታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ብሎን ናት፤ ታንኩ ሲጓጓዝ እንዳይፈስ ትዘጋለች፣ ከዚያ ትረሳለች። አየር ካልገባ ቤንዚን አይወጣም። ሞተሩ ሲደክም ክዳኑን ላላ ያድርጉት፤ አየር «ፍስስ» ብሎ ከገባ በሽታው ተገኘ። በተራ ጀሪካን የሚጠቀም ሰው ክዳኑ ላይ የአየር መግቢያ ካላበጀ ይህን በየቀኑ ያየዋል። ብሎኗ ክፍት ከሆነች ታንኩ ውስጥ ያለው የመሳቢያ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለችውን ወንፊት አውጥተው ይጠቡ።

መጭመቂያው ቢጨመቅም ቢጨመቅ አልጠነክር ካለ በመንገድ ላይ አየር እየሳበ ነው። ፋሼታዎቹን (የቱቦ ማሰሪያዎቹን)፣ ማገናኛው ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ካለም ይፈትሹ። መጭመቂያው ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት፤ ተገልብጦ ከታሰረ አያሳልፍም። ሞልቶ ክብ እንደሆነ ቆይቶ፣ ሲጨመቅ ሞተሩ ከተሻለው ግን ሞተሩ ላይ ያለው የቤንዚን ፓምፕ ስስ ጎማ ሳስቷል ወይም ተቀዷል። ከነጓርኒሲዮኑ ይቀየር።

ቤንዚኑን ራሱንም አይመኑት። ከታንኩ ሥር በንጹህ የሃይላንድ ጠርሙስ ቀድተው 15 ደቂቃ ያስቀምጡ፤ ውሃ ካለበት ከታች ተለይቶ መስመር ሠርቶ ይታያል።

አሁን ወደ ውሃው። ከሞተሩ ጎን የሚወጣው ቀጭን ፈሰስ ከሳሳ ሞተሩን አጥፍተው ወደ ላይ ያንሡት፤ እምቦጭ ወይም የላስቲክ ከረጢት የውሃ መሳቢያውን ወንፊት ሸፍኖት ይሆናል። ካልሆነ የፈሰሱን መውጫ በቀጭን ሽቦ ይጎርጉሩ። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ ደለል ሲያመጣ ቀዳዳው ብቻ ተደፍኖ ሰውን በከንቱ የሚያስደነግጥበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ካልሆኑ የውሃ ፓምፑን ጎማ ያውጡ። ክንፎቹ እንደታጠፉ ከቀሩ ይቀየር፤ የተቆረጠ ክንፍ ካለ ደግሞ ቁራጩ የውሃውን መተላለፊያ ሳይዘጋ ተፈልጎ ይውጣ። ደለል ይህን ጎማ ቶሎ ይበላዋል፤ በዓመት አንድ ጊዜ መቀየር ትርፍ ወጪ አይደለም። ሞተሩን ያለ ውሃ ማስነሣት ግን «ለአፍታ ብቻ» ቢባል እንኳ ጎማውን ያቃጥላል።

ቤንዚኑም ውሃውም ደህና ከሆኑ የቀረው ቦቢና፣ ማለትም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ ነው። ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና ሲቀዘቅዝ ጤነኛ ስለሚመስል፣ የካንዴላውን እሳት ሞተሩ ሳይበርድ፣ ቤንዚን ከአካባቢው አርቀው ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው ግን አይሄድም። ማርሹ ነው? (ከቁንዝላ)

መልስ፦ ከማርሹ በፊት ፕሮፔለሩን። መሐሉ ላይ፣ በብረቱና በክንፎቹ መካከል፣ የጎማ ማያያዣ አለ፤ ድንጋይ ሲመታ ይላቀቅና ዘንጉ ብቻውን ይዞራል። ከውስጡ ብረት እስከ ክንፉ ሥር በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፣ ጭነት ይዘው ይሂዱ፣ ሲመለሱ ይዩት። መስመሩ ከተቆረጠ ጎማው ተንሸራቷል። ፕሮፔለሩን ፈትተው ሳሉ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የመረብ ናይለን ካለ ያውጡ፤ ናይለኑ የዘይት መያዣውን ጎማ ስለሚቆርጠው ውሃ ይገባል፣ የማርሹም ዘይት ወተት ይመስላል።

ጥያቄ፦ አዲስ ሞተሬ ማኑዋሉ ላይ ያለው የደቂቃ ዙር ላይ አይደርስም፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ተታልዬ ይሆን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል፤ ባለ 40 ፈረስ ጉልበቱ እዚህ 33 አካባቢ ሆኖ ይሠራል። ካርቡሬተሩ ለባሕር ጠለል ከፍታ ስለተስተካከለ ለዚህ አየር ቤንዚን ያበዛል፤ ጥቁረቱም ከዚያ ነው። ማኑዋሉ ለከፍታው የሚያዘውን ያነሰ ጄት (የካርቡሬተሩ ቤንዚን መተላለፊያ ቀዳዳ) ያስገጥሙ። ዙሩ አሁንም ካልደረሰ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋው ርቀት) በ1 ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። ሲጨስ አይተው ዘይቱን እንዳይቀንሱ ብቻ፦ ማኑዋሉ 50 ለ1 (50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት) ካለ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ነው፣ ከፍታው ይህን አይለውጠውም።