መሬቱ አይነካ፣ ቋንቋው ይቅደም

ውድ እህቴ፣

ከደምበጫ የላክሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በነርስነት ተመርቀሽ አራት ዓመት በሆስፒታል ሠርተሻል። ባሕር ዳር ያለ አንድ ሰው «በስድስት ወር ጀርመን አስገብቼ ሥራ አስይዝሻለሁ» ብሎ 450 ሺህ ብር ጠይቆሻል፤ ሲሶውን አሁን፣ የቀረውን ቪዛው ሲመታ። አባትሽም ልጄ ከምትቀር ብለው መሬታቸውን ለአምስት ዓመት በኪራይ ሊሰጡ ተዘጋጅተዋል። ሰውየውን እንመነው ወይ? ካልሆነስ በራሴ እንዴት ልሂድ? እዚያ ስደርስስ ምን ይጠብቀኛል? ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ከመሬቱ ልጀምር። አባትሽ ውሉን አይፈርሙ። ሰውየውን አላውቀውም፤ የሚሸጥላችሁን ነገር ግን አውቀዋለሁ፣ ለሽያጭ የሚቀርብ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጅግ ያጠረባቸውን አገሮች እየዘረዘረ ያወጣል። በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዝርዝር 55 አገሮችን የያዘ ሲሆን ኢትዮጵያ አንዷ ናት። በጀርመን የሥራ ስምሪት ደንብ መሠረት በዚያ ዝርዝር ካሉ አገሮች ነርሶችንና ሌሎች የጤና ባለሙያዎችን መመልመልና ከቀጣሪ ጋር ማገናኘት የሚችለው የአገሪቱ የፌዴራል የሥራ ኤጀንሲ ብቻ ነው። ስለዚህ የግል ደላላ አንድ ብር ሳይቀበል ቢሠራው እንኳ ሕግ መጣሱ ነው። 450 ሺህ ብር ተቀብሎ የሚሠራውማ ምን እንደሆነ አንቺው ፍረጂው።

ይህን ስትሰሚ «እንግዲያው መንገዱ ተዘግቷል» ብለሽ እንዳታዝኚ። ክልከላው መልማዩን እንጂ አንቺን አይመለከትም። በራስሽ ተነሳሽነት ለጀርመን ሆስፒታል በቀጥታ ማመልከት፣ የሙያ ማስረጃሽን ማስገምገም፣ ቪዛ መጠየቅ ትችያለሽ፤ የሚያግድሽ ሕግ የለም። በእኛም አገር የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ እንኳ ከሠራተኛው የአገልግሎት ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል። የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው ነው፤ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ሰነድ ማረጋገጥ የሠራተኛው።

ሰውየው ምናልባት «በጉብኝት ቪዛ አስገባሻለሁ፣ እዚያ ስትደርሺ ወደ ሥራ ይለወጣል» ሊልሽ ይችላል። ሼንገን የሚባለው የአውሮፓ አገሮች የጋራ የጉብኝት ቪዛ በ180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም፤ ሥራም አያሠራም። ለሥራ የሚያስፈልግሽ ብሔራዊ ቪዛ የሚባለው ነው፤ እሱም ከአገር ሳትወጪ ከኤምባሲው የሚጠየቅ፣ የማመልከቻ ክፍያው 75 ዩሮ የሆነ ነው። 75 ዩሮን ከተጠየቃችሁት ገንዘብ ጋር አስተያይው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ለቋንቋው ይውጣ። በጀርመን ነርስነት ያለ መንግሥት ፈቃድ የማይሠራ ሙያ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው በእያንዳንዱ ክልል ያለ ባለሥልጣን ሲሆን ክልሎቹ 16 ናቸው። ሙሉ ፈቃድ ለማግኘት በተለምዶ የቢ2 ደረጃ ጀርመንኛ ይጠየቃል፤ ከጀማሪው ኤ1 እስከ ከፍተኛው ሲ2 ካሉት ስድስት የቋንቋ ደረጃዎች አራተኛው ማለት ነው። ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሥራ ውል ያላት ባለሙያ በሁለተኛው ደረጃ በኤ2 ገብታ እዚያው እየሠራች የሙያ ዕውቅናዋን የምታጠናቅቅበት መንገድም ተከፍቷል። እኔ ግን በኤ2 ሂጂ አልልሽም። በሌሊት ተራ ብቻሽን ስትሆኚ አንድ አዛውንት ደረታቸውን ይዘው በአካባቢያቸው አነጋገር የሚሉሽ ነገር ካልገባሽ፣ ለእሳቸውም ለአንቺም አደጋ ነው። አንቺ አራት ዓመት በሽተኛ ያስታመምሽ ሰው ነሽ፤ የሚያስጨንቀኝ ለምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ከምንም ተነሥቶ ቢ2 ለመድረስ 45 ደቂቃ የሚፈጁ ከ600 እስከ 800 የሚሆኑ የትምህርት ክፍለ ጊዜዎች ያስፈልጋሉ። ከሥራሽ ጎን በሳምንት አሥር ብታጠኚ ከዓመት ከሁለት ወር እስከ ዓመት ከመንፈቅ ይወስድብሻል። የስድስት ወሩ ተስፋ እዚህ ላይ ብቻ ይፈርሳል። ፈተናውን አዲስ አበባ የሚገኘው የጀርመን የቋንቋና የባህል ተቋም፣ ጎተ ኢንስቲትዩት ይሰጣል። የቢ1 እና የቢ2 ፈተናዎች ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍና መናገር ተብለው በአራት ይከፈላሉ፤ በአንዱ ብትወድቂ ያንኑ ብቻ ደግመሽ መፈተን ትችያለሽ። ሌሎቹን ስታልፊ ማዳመጡ ቢያቅትሽ ሁሉንም እንደ አዲስ አትጀምሪም። በደጀን አድርጎ ዓባይ በረሃን የሚያቋርጠው መንገድ በእኛ በኩል ሁልጊዜ እንደማይታመን ስለምታውቂ፣ ለፈተናው ቢያንስ ሦስት ቀን ቀደም ብለሽ ግቢ። ኔትወርክ ሲኖር የማዳመጫ ትምህርቶቹንና መዝገበ ቃላቱን ስልክሽ ላይ አውርደሽ አስቀምጪ፤ ሲጠፋ ጥናትሽ እንዳይቋረጥ።

ቋንቋው እየሄደ ሳለ ወረቀትሽን ታስተካክያለሽ። እኔ ባማከርኳቸው ሰዎች ላይ ከቋንቋው ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የበላው ይህ ነው። ከሞጣ የመጣ አንድ ወጣት ስሙ በዲግሪው ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በፓስፖርቱ ላይ በሌላ ተጽፎ፣ ያንን ለማስተካከል ሲመላለስ የተሰጠው የሥራ ውል ቀኑ አለፈበት። «ፀ»ን አንዱ ጸሐፊ በሁለት ፊደል፣ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል፤ ለእኛ ያው ስም ነው፣ ለጀርመን መዝገብ ቤት ግን ሁለት ሰው ነው። የልደት ቀንም እንዲሁ። ጥቅምት 5 ቀን 1989 የተወለደች ሴት በፈረንጆቹ ኦክቶበር 15 ቀን 1996 ነው የተወለደችው። የቸኮለ ጸሐፊ ግን ዓመቱ ላይ ስምንት ደምሮ 1997 ያደርገዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የሚደመረው ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት። የልደት ምስክር ወረቀትሽ፣ ፋይዳ መታወቂያሽ፣ ፓስፖርትሽ፣ ዲግሪሽና ከክልሉ ጤና ቢሮ ያገኘሽው የሙያ ፈቃድ አንድ ስምና አንድ ቀን መናገር አለባቸው። የወጪ መጋራት ዕዳ ካለብሽም አሁኑኑ መክፈል ጀምሪ፤ እሱ ሳይዘጋ ዋናውን ዲግሪና ለውጭ የሚላከውን ትራንስክሪፕት ማውጣት ይቸግራል።

ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ትራንስክሪፕት ብቻ ይዘሽ አትውጪ። እያንዳንዱ ኮርስ ስንት ሰዓት ንድፈ ሐሳብ፣ ስንት ሰዓት የሆስፒታል ልምምድ እንደነበረው የሚያሳይ የሥርዓተ ትምህርት ዝርዝር ጠይቂ። የጀርመኑ ባለሥልጣን የሚያነጻጽረው ሰዓቱን ነው። የሆስፒታልሽ የሥራ ልምድ ደብዳቤም «በነርስነት አገልግላለች» ብሎ እንዳያበቃ፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል ይህን ያህል ወር፣ በሕፃናት ክፍል ይህን ያህል፣ በድንገተኛ ይህን ያህል ብሎ ይዘርዝር። የጎደለ የትምህርት ሰዓት በሥራ ልምድ ሊሟላ ስለሚችል ያ ደብዳቤ ወራት ሊያተርፍልሽ ይችላል። ከግምገማው በኋላ ጉድለት ቢገኝም ነገሩ አያበቃም፤ የማሟያ ሥልጠና መውሰድ ወይም በቃልና በተግባር የሚሰጥ የዕውቀት ፈተና መቀመጥ ይቻላል። የግምገማው ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 600 ዩሮ ነው። የትኛው ክልል የትኛውን ወረቀት እንደሚጠይቅ ለመረዳት በቦን ያለው የሙያ ዕውቅና ማዕከላዊ አገልግሎት ከአገር ሳትወጪ በነፃ ያማክርሻል። ሜክ ኢት ኢን ጀርመኒ የተባለው የመንግሥት ድረ ገጽም የሥራ ማስታወቂያና የቪዛ መመሪያ በእንግሊዝኛ አለው። የሚቀጥርሽ ሆስፒታል ሲገኝ የተፋጠነውን የቪዛ ሂደት እንዲጀምርልሽ ጠይቂው፤ የ411 ዩሮ ክፍያ አለው፣ የሚያመለክተውም አሠሪው ነው።

ውሉን ሳትፈርሚ ሁለት ነገር ፈልጊበት። አንዱ ከተወሰነ ጊዜ በፊት ሥራ ብትለቂ የሥልጠና ወጪ ትመልሻለሽ የሚል አንቀጽ ነው፤ ካለ፣ ስንት ዩሮ እና ስንት ዓመት እንደሆነ ተረጂ። ሌላው ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሠራተኛ መኖሪያ ይሰጡሽ እንደሆነ ነው። ከሩቅ ሆኖ ቤት መፈለግ ከባድ ነውና ይህን ሳትጠይቂ እንዳትቀሪ።

ከደረስሽ በኋላ ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው መዝገብ ቤት አድራሻሽን ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ አከራዩ የፈረመበት ወረቀት ይዘሽ ትሄጃለሽ። የግብር ቁጥርሽና ሌላውም ሁሉ የሚመጣው በፖስታ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን ስምሽን በፖስታ ሳጥኑ ላይ ለጥፊ። ስሙ የሌለበት ሳጥን ደብዳቤ አይቀበልም፤ ምላሽ ያልተሰጠው ደብዳቤ ደግሞ እዚያ አገር ዕዳ ይሆናል። በሥራ ቦታሽ በፓስፖርትሽ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ በተጻፈው ስም፣ ማለትም በአባትሽ ወይም በአያትሽ ስም ይጠሩሻል፤ ሲጠሩሽ ዞር ማለት መልመድ ያስፈልጋል። የሰዓት አቆጣጠራቸው ከእኛ በስድስት ስለሚለይ የቀጠሮ ወረቀት ላይ 14 ሰዓት ካለ በእኛ ስምንት ሰዓት ነው።

በውሉ ላይ የምታዪው ደመወዝ እጅሽ የሚገባው አይደለም። ለግብር፣ ለጡረታ፣ ለጤና መድንና ለሌሎች መድኖች ሲሶ ገደማ ይቆረጣል። የቤት ኪራይም ቀዝቃዛና ሙቅ ተብሎ ይነገራል፤ ቀዝቃዛው የቤቱ ብቻ ነው፣ ሙቁ ማሞቂያንና የጋራ ወጪን ይጨምራል። አከራይ ከሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ በላይ መያዣ መጠየቅ አይችልም፤ በሦስት ጊዜ ከፍለሽ መስጠትም መብትሽ ነው። ለሬዲዮና ቴሌቪዥን በየቤቱ በወር 18.36 ዩሮ ይከፈላል፤ ደብዳቤው ሲመጣ አጭበርባሪ ነው ብለሽ አትጣይው። ይህን ሁሉ ለአባትሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ልጃቸው የመጀመሪያውን ዓመት ብዙ ባትልክ የረሳቻቸው እንዳይመስላቸው።

እናትሽ ስንቅ ሲያሰናዱልሽ በርበሬና ሽሮ ይበቃል በያቸው። ቅቤና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት ይዞ መግባት የተከለከለ ነው፤ ያ ሁሉ የተለፋበት ቅቤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲወሰድ ያለቀሱ አውቃለሁ።

ሰውየው በዚህ ሳምንት ካልከፈላችሁ ቦታው ያመልጣችኋል ካለ፣ ይለፍ። አንቺ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀንሽ ደብረ ማርቆስ ወርደሽ ሬጅስትራር ቢሮ ገብተሽ የሥርዓተ ትምህርቱን ዝርዝር ጠይቂ። ማታ ቤት ስትገቢ ያልኩሽን አምስት ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግተሽ፣ ስምሽና የልደት ቀንሽ በየአንዳንዳቸው እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል አስተያዪ። የሚለያይ ካለ የቱ ከየቱ እንደሚለያይ ጻፊልኝ፤ ከየትኛው ቢሮ ማስተካከል እንደምትጀምሪ እነግርሻለሁ።