ቡድኑ በአንድ ድምፅ እንዲጽፍ ከፈለጋችሁ፣ ከግሱ ጀምሩ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው፦ ምግብ በሚያደርስ ድርጅት ውስጥ ትሠሪያለሽ። ቴሌግራሙን የያዘው ልጅ ከጓደኛው ጋር እንደሚያወራ ይጽፋል፣ የጥሪ ማዕከሉ የደብዳቤ አማርኛ ይናገራል፣ አለቃችሁ ደግሞ «ጨዋ ይሁን» ይላል። ለደንበኛ በምን ድምፅ፣ ማለትም በምን ዓይነት አነጋገር፣ እንጻፍ በሚለው ላይ ስብሰባ በተቀመጣችሁ ቁጥር ሳትስማሙ ትነሳላችሁ። እኔ በማስታወቂያ ሥራ ለባንክም ለሱቅም ስጽፍ ስለቆየሁ የሠራልኝን ልንገርሽ።

መጀመሪያ፣ ቅጽል መደርደሩን ተዉት። «ወዳጃዊ፣ ታማኝ፣ ዘመናዊ» የሚል ወረቀት ላይ እምቢ የሚል ሰው የለም። ሁሉም ጭንቅላቱን ነቅንቆ ይወጣና የድሮውን ይጽፋል። ምክንያቱም ለአለቃሽ «ወዳጃዊ» ማለት «ውድ ደንበኛችን» ነው፤ ለቴሌግራሙ ልጅ ደግሞ «ቤተሰብ፣ ዛሬ ምን በላችሁ?» ነው። የግድ ስለ ጠባይ እንነጋገር ካላችሁ፣ ሰዎች ድረ ገጽና መተግበሪያ እንዴት እንደሚጠቀሙ የሚያጠናው ኒልሰን ኖርማን ግሩፕ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው አራት መስመሮች ይሻላሉ፦ ከቀልድ እስከ ቁም ነገር፣ ከመደበኛ እስከ ዘና ያለ፣ ከአክባሪ እስከ ደፋር፣ ከሞቅ ያለ እስከ ደረቅ ያለ። መስመር ላይ ነጥብ ማስቀመጥ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ያስገድዳል።

ግን በእኛ ቋንቋ ጭቅጭቁ የሚፈነዳው ከዚያም በፊት፣ ግሱ ላይ ነው። «እዘዝ»፣ «እዘዢ»፣ «እዘዙ»፣ «ይዘዙ»። አንዱን ሳትመርጡ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይወጣም። ብዙ ቡድን ይህን ሳይወስን ስለ «ስብዕና» ያወራል። «አንተ» ካላችሁ ግማሹን ደንበኛ ከበር መለሳችሁት። «እዘዝ/ዢ» እያሉ በእዝባር መጻፍ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ የቅጽ መሙያ ነው የሚመስለው። «እርስዎ» ለገንዘብና ለይቅርታ ልክ ነው፤ በርገር ሲያስተዋውቅ ግን ከረባት ያስራል። «እናንተ» ጾታ አይጠይቅም፣ ሞቅም ይላል፤ ግን ለአንዲት ሴትዮ በስልኳ «ትዕዛዛችሁ ደርሷል» ሲባል መላ ቤተሰቧን ያናገረ ይመስላል።

ስለዚህ እኔ የምመክረው፦ ለሕዝብ በሚለጠፈው ላይ «እናንተ»፤ ለአንድ ሰው በሚላክ ኤስኤምኤስ፣ ኢንቦክስና ስልክ ላይ «እርስዎ»። ደንበኛው ራሱ «አንቱ አትበሉኝ» ካለ ይቀየራል፣ አለዚያ አይቀየርም። ይህን ብቻ ብትወስኑ ግማሹ ጠብ ይበርዳል።

ቀጥሎ የላካችኋቸውን እውነተኛ መልዕክቶች ሰብስቡ። የጸሐፊውን ስም አጥፉና አትሟቸው። ከማስታወቂያው ሳይሆን ከይቅርታው ጀምሩ፤ ድምፅ የሚፈተነው ነገር ሲበላሽ ነው። አንድ ቡድን ጋር ጠረጴዛው ላይ የወጣው ይህ ነበር፦ «ውድ ደንበኛችን፣ በተፈጠረው የሲስተም መቆራረጥ ምክንያት ለደረሰብዎ መጉላላት ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።» ጮክ ብለን ስናነበው አንዷ «ከደረሰ በኋላ ከወዲሁ ምንድነው?» አለች። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ አብረን ጻፍነው፦ «ክፍያዎ ከሂሳብዎ ተቀንሷል፤ ትዕዛዙ ግን አልደረሰንም። ጥፋቱ የእኛ ነው። ገንዘብዎ ዛሬ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይመለሳል። ካልተመለሰ በዚሁ ቁጥር ይደውሉ።» አክብሮት የሚፈልገው ሰው አክብሮቱን አገኘ፣ ቀጥተኛነት የሚፈልገውም አገኘ። አለቃሽ አብሮ እንዲቀመጥ አድርጊ። «ጨዋ አይደለም» ካለ የትኛው ቃል እንደሆነ በእስክሪብቶ ያስምርበት።

ቴሌግራም ላይ የሚቀልደው ልጅ ቀልዱን ይተው ማለቴ አይደለም። የኢሜይል ማስታወቂያ መላኪያው ድርጅት ሜይልቺምፕ ለሁሉም ክፍት ያደረገው የአጻጻፍ መመሪያ ድምፅና ቃናን ይለያል፦ ድምፁ ያው ነው፣ ቃናው እንደ ሁኔታው ይቀየራል። ሰርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም የሚሄደው ያው ሰው ነው። ልጁ በበዓል ሰሞን ይቀልድ፤ ምግቡ ሁለት ሰዓት ዘግይቶበት ለተቆጣ ሰው ግን ኢሞጂ አይላክ።

የቃላት ምርጫ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። ደንበኛው በስልክ የሚለውን የጥሪ ማዕከል ሠራተኞች ያውቁታል፣ እነሱን ጠይቁ። «ዴሊቨሪ አላችሁ?» ነው የሚባለው፤ «የማድረስ አገልግሎት ትሰጣላችሁ?» ብሎ የሚደውል አላጋጠመኝም። ሰዓት ሲጻፍ «ከጠዋቱ»፣ «ከምሽቱ» አይቅር፤ ስልኩ ላይ በፈረንጅ ሰዓት የሚቆጥር አለ። ሂሳብ በየትኛው ሀ እንደሚጻፍ አንዱን ያዙና እለፉ። (በነገራችን ላይ «ዋጋ በኢንቦክስ» የድምፅ ጉዳይ አይደለም፣ ዋጋ መደበቅ ነው። እባካችሁ ተዉት።)

የተስማማችሁበትን ከሁለት ገጽ አታስበልጡ። በግራ የድሮው መልዕክት፣ በቀኝ የታረመው፤ የቡድኑ ቴሌግራም ላይ ፒን ይደረግ። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጥ አንድ ሰው ሰይሙ። በሥልጣን ትልቁ መሆን የለበትም፤ በየቀኑ የሚጽፈው ቢሆን ይሻላል። ለጥሪ ማዕከሉ ሙሉ ጽሑፍ አትስጡ፣ ሰው ሲያነብ ያስታውቃል። የመክፈቻውን ዓረፍተ ነገርና የማይባሉትን ብቻ ስጧቸው። ከማይባሉት አንደኛው «ሲስተም የለም» ይሁን።

በአፋን ኦሮሞም የምትጽፉ ከሆነ የአማርኛውን አታስተርጉሙ። እዚያ «ኢሲን» ለብዙ ሰውም ለአክብሮትም ስለሚያገለግል፣ ከላይ ያልኩት የ«እናንተ» እና የ«እርስዎ» ክፍፍል አይሠራም። ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው ያንኑ የይቅርታ መልዕክት ይዞ ከባዶ ይጻፈው።