መልስ፦ የደም ቁጥሩ ከተስተካከለ ኢማቲኒብ ለምን አይቆምም?

አባትሽ ለደም ካንሰሩ የሚወስደውን ኢማቲኒብ የተባለ መድኃኒት አያቁም። የአባትሽ ነጭ የደም ሴል ወደ ጤናማ ቁጥር መመለሱ በሽታው ተይዟል ማለት እንጂ ጠፍቷል ማለት አይደለም።

ሲኤምኤል በሚባለው የደም ካንሰር የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ ይለዋወጣሉ። ከዚያ ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ካይኔዝ ይፈጠራል። ካይኔዝ ለሴሉ ጉልበት ከሚሰጠው ኤቲፒ ከሚባል ሞለኪውል ፎስፌት የሚባለውን ቁራጭ እየወሰደ ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ የሚለጥፍ ኢንዛይም ነው። ሴሉ እንዲባዛ ትእዛዝ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ጤናማው ካይኔዝ ሲበቃው ይቆማል፤ ይሄኛው ግን ማቆሚያ የለውም። ኢማቲኒብ ኤቲፒ የሚቀመጥበትን ቦታ ይዞ ሥራውን ያግደዋል። ኢንዛይሙን የሚያመርተው ጂን ግን እዚያው አለ። መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ ሥራው ይቀጥላል።

የቀረውን በሽታ የሚያሳየው ተራው የደም ቆጠራ ሳይሆን የቢሲአር-ኤቢኤል ፒሲአር ምርመራ ነው፤ ይህም የዚያን ጂን ምልክት በደም ውስጥ ጥቂት ቢሆንም አባዝቶ የሚለካ ነው። ሐኪሙን ስለሱ ጠይቂው። ውጤቱ ለዓመታት በጣም ዝቅ ብሎ የቆየላቸው አንዳንድ ታካሚዎች በቅርብ ክትትል ያቆማሉ። ከነሱም ብዙዎቹ ይመለስባቸውና እንደገና ይጀምራሉ።

ፋርማሲ ውስጥ ደጋግሜ ስለማየው አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎች ለሌላ ሕመም ሲታከሙ ኢማቲኒብ እንደሚወስዱ አይናገሩም። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ጉበት ኢማቲኒብን ቶሎ እንዲያስወግደው ስለሚያደርግ በደም ውስጥ ያለውን መጠን ክፉኛ ያወርደዋል። አባትሽ ለሳልም ይሁን ለሌላ ነገር ሐኪም ቤት ሲሄድ የኢማቲኒቡን ካርቶን ይዞ ይሂድ።