ፖሊስ ምሰሶ ላይ የሰቀለው ካሜራ ማስረጃ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ምኖረው አውሮራ ኮሎራዶ ነው። የእህቴ ልጅ በዕፅ ሽያጭ ተከሶ እስር ላይ ነው። ለካ ፖሊስ ከቤቱ ትይዩ ያለ የመብራት ምሰሶ ላይ በድብቅ ካሜራ ሰቅሎ ሁለት ወር ተኩል ጓሮውን ሲቀርጽ ከርሟል፣ ያውም ያለ ፍርድ ቤት ትዛዝ። ጓሮው እኮ አጥር አለው! ይሄ ማስረጃ ይሆናል? ጠበቃው ደሞ አምኖ ቅጣት ቢቀነስለት ይሻላል እያለ ነው፣ እናቱ እንቅልፍ ካጣች ሰነበተች።

መልስ፦ እህታችን፣ እግዜር ያበርታችሁ። ልጁ ምንም ነገር ከመፈረሙ በፊት ክሱ የስቴት ይሁን የፌደራል ያጣሩ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው።

የስቴት ከሆነ በጣም ሚረዳው ውሳኔ አለ። 2015 ላይ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ውስጥ ፖሊስ ልክ እንደዚው ያለ ዋራንት (ያለ ፍርድ ቤት ትዛዝ ማለት ነው) ከአንድ ሰው ቤት ማዶ ምሰሶ ላይ ካሜራ አድርጎ ከ3 ወር በላይ ቀረጸው፣ ካሜራው ከሩቅ ሆነው ሚያዞሩትና ዙም ሚያደርጉት አይነት ነው፣ አጥሩን አሻግሮ ጓሮውን ያያል። አጠገቡ ያለው አፓርታማ የውጭ ደረጃ ላይ የቆመ ሰውም ሊያይ ይችል ነበር የሚል ክርክር መጣ። እስቲ ማነው 3 ወር ሙሉ ሌት ተቀን ደረጃ ላይ ቆሞ የሰው ጓሮ ሚያይ? የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 2021 ላይ ይሄ ያለ አግባብ መፈተሽን በሚከለክለው በአሜሪካ ሕገ መንግሥት 4ኛ ማሻሻያ መሰረት ፍተሻ ነው፣ ዋራንት ያስፈልገው ነበር ብሎ ወሰነ። በቪዲዮው ተነስተው ቤቱ ውስጥ ያገኙትም አብሮ ወደቀ።

ፌደራል ከሆነ ግን አልሸነግልዎትም ይከብዳል። የኮሎራዶን የፌደራል ጉዳዮች በይግባኝ ሚያየው 10ኛው የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት 2024 ላይ፣ ካንዛስ ውስጥ ቤቱ 68 ቀን የተቀረጸ ሰው ጉዳይ ቀርቦለት፣ ካሜራው ያየው መንገደኛ ሁሉ ሚያየውን ነው ብሎ ቪዲዮውን ተቀበለ። እኔ በዚ ፈጽሞ አልስማማም፣ መንገደኛ ዞር ብሎ አይቶ ማለፉና፣ ነፍስ አባት መቼ እንደመጡ ማን ቡና እንደተጠራ ለወራት ተቀርጾ መቀመጡ እንዴት አንድ ይሆናል? ቢሆንም የእናንተ ልጅ ጓሮው አጥር ስላለው ጠበቃው ጉዳዩ ይለያል ብሎ መከራከር ይችላል።

ስለዚ ጠበቃውን ሞሽን ቱ ሰፕረስ ለምን አላስገባህም በሉት፣ ማለት ማስረጃው ውድቅ ይደረግ የሚል አቤቱታ ነው፣ ችሎቱ ሳይጀመር ነው ሚገባው። አምኖ ከፈረመ በኋላ ስለ ቪዲዮው መከራከር በአብዛኛው አይቻልም። ካሜራው መቼ ተሰቀለ፣ መቼ ወረደ፣ እያንዳንዱን ቀን በጽሁፍ ያስመጣ። እናንተ ደሞ ዛሬውኑ መንገዱ ላይ ቆማችሁ በሰው ቁመት ልክ አጥሩን ፎቶ አንሱ፣ ከዛ ጓሮው ይታያል አይታይም ዳኛው በአይኑ ይየው።

እናቱ ግን ከእስር ቤት ሲደውልላት ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል እንዳታወራ፣ ስልኩ ይቀዳል፣ በአማርኛ ነው ብላ እንዳትዘናጋ፣ አስተርጓሚ ያስመጣሉ።